«አልሠራልኝም» የሚል ጥያቄ ሲመጣ



መምህር ተማሪውን እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ብዙ ተምረናል። የክፍትና የዝግ ጥያቄን ልዩነት፣ ከቀላል ወደ ከባድ መሄድን፣ ጥያቄውን ለመላው ክፍል ከሰነዘሩ በኋላ ስም መጥራትን፣ ይህን ሁሉ ደብተራችን ውስጥ በቀይ አሥምረንበታል። ተማሪው መምህሩን ሲጠይቅ፣ ያውም ጥያቄው ጎዶሎ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን ያሠመርንበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ለልምምድ ማስተማር ወደ ትምህርት ቤቶች ስንወጣ ደግሞ በየቀኑ የሚገጥመን ይኸው ነው። «ቲቸር፣ አልገባኝም» ይላል ልጁ። ምኑ ነው ያልገባህ ሲሉት «ሁሉም» ይላል። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ስለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው። ምሳሌያችንን ያመጣነው ግን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሠፈር ነው። ለምን ቢባል፣ እነዚህ ሰዎች ሳይተዋወቁ፣ በጽሑፍ ብቻ፣ ከዓለም ዳር እስከ ዳር ሲጠያየቁ ዓመታት አሳልፈዋል። መጥፎ ጥያቄ ምን እንደሆነና ምን እንደሚደረግበት ደንብ አውጥተዋል፤ በደንቡም ተጣልተዋል። ጸባቸው ለእኛ ትምህርት ይሆናል ብለን አምነናል። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ አንባቢ አይሥጋ፤ የሚያስፈልገውን ያህል እያስረዳን እንሄዳለን።

57 የሆነው ድምር

አንድ ጀማሪ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሦስት መስመር ጻፈ እንበል። የመጀመሪያው መስመር ከተጠቃሚው አንድ ቁጥር ይቀበላል፤ ሁለተኛው ሌላ ቁጥር ይቀበላል፤ ሦስተኛው ሁለቱን ደምሮ ውጤቱን ያሳያል። ጀማሪው 5 አስገባ፣ 7 አስገባ። ኮምፒዩተሩ 57 አለ።

ልጁ ይደነግጣል። ደግሞ ይሞክራል፤ ያው 57 ነው። ከዚያ ለሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ፓይተን መደመር አይችልም እንዴ? ኮዴ አይሠራም። እባካችሁ አስቸኳይ ነው!!»

ይህ ጥያቄ ምን ይጎድለዋል? ኮዱ የለም። ያስገባው ቁጥር የለም። የወጣው ውጤት የለም። «አይሠራም» ማለት ፕሮግራሙ ጭራሽ አልነሣም ማለት ይሁን፣ መሐል ላይ ቆመ ማለት ይሁን፣ የስሕተት መልእክት አወጣ ማለት ይሁን፣ ወይስ ሠርቶ ያልተጠበቀ ነገር ሰጠ ማለት ይሁን አይታወቅም። አራቱም የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። አንድ ሰው ጤና ጣቢያ ገብቶ «አሞኛል» ብሎ ዝም ቢል እንደ ማለት ነው። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እዚህ ላይ ግን ልብ እንበል፤ ይህ ጀማሪ በሽታውን አልደበቀም። ከሚያየው ነገር ውስጥ የትኛው በሽታ፣ የትኛው ጤና እንደሆነ መለየት ነው ያቃተው።

አሁን ያንኑ ጥያቄ እንዲህ አድርገን እንጻፈው፦ «ፓይተን እየተማርኩ ነው። ከተጠቃሚው ሁለት ቁጥር ተቀብሎ የሚደምር ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ሦስቱ መስመሮች እነዚህ ናቸው። 5 እና 7 ሳስገባ 12 ይወጣል ብዬ ስጠብቅ የወጣው 57 ነው። የስሕተት መልእክት አልመጣም።» ይህን ያነበበ አዋቂ በግማሽ ደቂቃ ይመልሳል። የዛሬው ፓይተን ተጠቃሚው በኪቦርድ የሚያስገባለትን ሁሉ የሚቀበለው እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ የ5ን ምልክትና የ7ን ምልክት ጎን ለጎን ገጠማቸው፤ «ሰው» እና «ነት» ተጋጥመው «ሰውነት» እንደሚሆኑት ማለት ነው። ኢንት በሚባለው ትእዛዝ መጀመሪያ ወደ ቁጥር ከተለወጡ ድምሩ 12 ይሆናል።

በሁለተኛው አጻጻፍ ልጁ የጨመረው አዲስ እውቀት የለም። ያስገባውን ያውቅ ነበር፤ የጠበቀውንም ያውቅ ነበር፤ የወጣውንም በዓይኑ አይቶታል። የጨመረው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው 5 እና 7 ተጠጋግተው 57 መሆናቸውን ራሱ ያየውና ጥያቄውን ሳይልክ ይተወዋል። አንድሩ ሀንትና ዴቪድ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1999 «ዘ ፕራግማቲክ ፕሮግራመር» በተባለው መጽሐፋቸው የጠቀሱት የጎማ ዳክዬ ነገር ከዚህ ጋር ይሄዳል። ፕሮግራም ጸሐፊው ጠረጴዛው ላይ አንዲት የጎማ ዳክዬ አስቀምጦ ኮዱን መስመር በመስመር ለእሷ ያስረዳል። ዳክዬዋ ትንፍሽ አትልም። ሰውየው ግን እያስረዳ ሳለ ስሕተቱን ያገኘዋል። ዳክዬ ያላገኘ የዴስክ ጓደኛውን መጠቀም ይችላል፤ ብቻ ጓደኛው እንደ ዳክዬዋ ዝም ማለት መቻል አለበት፣ ይህ ደግሞ ከባድ ነው።

ጥያቄ የሚዘጋበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ2008 ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ስታክ ኦቨርፍሎ የተሰኘውን የጥያቄና መልስ ቦታ ከፈቱ። (ስሙ ራሱ የአንድ ብልሽት ስም ነው፤ አንድ ትእዛዝ ራሱን እየደጋገመ ሲጠራ የተመደበለት የማስታወሻ ቦታ ሞልቶ ሲፈስ የሚደርስ።) ማንም ይጠይቃል፣ ማንም ይመልሳል። ለመላሾቹ የሚከፈል ገንዘብ የለም። የሚከፈለው ነጥብ ነው፤ ሰዎች ጥሩ ነው ሲሉለት ነጥቡ ያድጋል፣ ነጥቡ ሲያድግ ሥልጣኑ ያድጋል። 15 ነጥብ ያለው ሰው ጥሩ ለሆነ ጽሑፍ የድጋፍ ድምፅ ይሰጣል። 125 ሲደርስ የተቃውሞ ድምፅ መስጠት ይችላል። 3000 ሲደርስ ደግሞ ጥያቄ እንዲዘጋ ድምፅ ይሰጣል። በአሁኑ ደንብ ሦስት ሰዎች ከተስማሙ ጥያቄው ይዘጋል። ከእነሱ በላይ በምርጫ የተሠየሙ ሥርዓት አስከባሪዎች አሉ፤ እነሱ ብቻቸውን መዝጋት ይችላሉ።

መዝጋት ማለት መደምሰስ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የተዘጋ ጥያቄ ይታያል፤ አዲስ መልስ ግን አይቀበልም። ባለቤቱ አስተካክሎ ሲያቀርበው እንደገና እንዲከፈት ድምፅ ሊሰጥበት ይችላል። ያልተስተካከለና ማንም ያልደገፈው ግን ከጊዜ በኋላ ይሠረዛል።

ለመዝጋት ምክንያት መጥቀስ ግዴታ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ከላይ ያየነው ነው፤ ዝርዝር የጎደለው ወይም ግልጽ ያልሆነ። ሌላው በአንድ ጊዜ አምስት ነገር የሚጠይቅ ነው። «የትኛው ይበልጣል» የሚል፣ መልሱ የግል አስተያየት ብቻ የሆነም ለረጅም ጊዜ ይዘጋ ነበር። ቀደም ብሎ የተጠየቀና የተመለሰ ከሆነ ከቀድሞው ጥያቄ ጋር ተያይዞ ይዘጋል። ይህ የመጨረሻው ጠያቂውን ቢያስከፋም ከሁሉ ይልቅ ደግ መዝጊያ ነው እንላለን። ሁለት ሰዎች አንድን ችግር በተለያየ ቃል ይጠሩታልና፣ የተዘጋው ጥያቄ መንገድ ዳር እንዳለ አመልካች ቀስት ሆኖ በሌላ ስም የመጣውን ወደ መልሱ ይመራል።

አሁን ወደምንፈልገው ነጥብ ደረስን። ከምክንያቶቹ መካከል አንድ የሚያስገርም አለ። ጠያቂው በትሕትና ጽፏል፣ ኮዱን ሙሉ አቅርቧል፣ ያየውንና የጠበቀውን ለይቷል። ችግሩ ግን አንዲት ቅንፍ መዘንጋቱ፣ ወይም የአንድ ቃል ፊደል መሳሳቱ ነው። ይህም ይዘጋል! ምን አጠፋ? ምንም አላጠፋም። የሚዘጋው ያ ጥያቄ ነገ ለሚመጣ ሰው ስለማይጠቅም ነው። ሌላው ሰው ቅንፍ የሚዘነጋው በሌላ ቦታ ነውና ይህን ገጽ ፈልጎ አያገኘውም።

ከዚህ የምንረዳው ስታክ ኦቨርፍሎ የተቋቋመው በዋናነት ለጠያቂው እንዳልሆነ ነው። የተቋቋመው ከጠያቂው በኋላ ለሚመጡት አንባቢዎች ነው። እንደ መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤት ደግሞ ማንኛውንም ወረቀት አያስገባም፤ ካስገባ ነገ የሚፈልገውን አያገኝም። ጥያቄው ለእነሱ የጋራ ንብረት ነው፤ ለዚህም ነው ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ የሚያርሙትና የሚዘጉት። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ ራሱን እንደ ተማሪ ቆጥሮ ይገባል፤ እነሱ ደግሞ እንደ መዝገብ አቅራቢ ይቀበሉታል። ጸቡ ከዚህ ይጀምራል።

ስለ ዘጊዎቹ ጥቂት እንከራከር

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከመካከላችን ጥያቄ መዝጋትን ጨርሶ የተቃወሙ ነበሩ። «የጠየቀን ሰው በር መዝጋት ነውር ነው» አሉ። አባባሉ ጥሩ ነው፤ ግን እስቲ ከበሩ ማዶ ያለውን ሰው እንየው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ውሎ፣ ማታ ያለ ክፍያ ሰው ለመርዳት ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ የሚያየው «አይሠራም» ነው፤ ቀጥሎ «አስቸኳይ» ነው፤ ቀጥሎ አንድ ተማሪ የቤት ሥራውን ትእዛዝ ገልብጦ «ሥሩልኝ» ይላል፤ ቀጥሎ ትናንት አሥር ጊዜ የተመለሰው ጥያቄ ነው። በመሐል አንድ ሰው ሦስት ቀን ለፍቶ፣ ችግሩን አጥርቶ ያቀረበው ጥያቄ አለ፤ ከጭድ መሐል እንዳለች መርፌ ተቀብሯል። አዋቂው ጭዱን ሲያበጥር ከመሸበት ይሄዳል። አንዴ ከሄደ ደግሞ አይመለስም። ማበጠር የግድ ነው የሚያሰኘው ይህ ነው።

በቁጥር የበዛ ተማሪ ባለበት ክፍል የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የያዘ መምህርም ከዚህ ሰው ብዙ አይርቅም። እጅ ያወጣውን ሁሉ ሰምቶ ለእያንዳንዱ እንመልስ ቢል ትምህርቱ አያልቅም። ይህን የምንለው የሠለጠንንበትን «ተማሪ ተኮር» ትምህርት ለመንቀፍ አይደለም፤ ደቂቃው አርባ ብቻ ስለሆነ ነው።

ጎዶሎ ጥያቄን የማረም ልማድ ከስታክ ኦቨርፍሎ በፊትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይመን ታታም የተባለ የእንግሊዝ ፕሮግራም ጸሐፊ የፕሮግራም ብልሽት እንዴት እንደሚነገር አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ምክሩ ባጭሩ ሲነገር፣ ያደረግኸውን፣ ያየኸውንና የጠበቅኸውን ለይተህ ንገር፤ ምክንያቱን መገመት ከፈለግህ ገምት፣ ግን ግምትህን በምልክቱ ፈንታ አታቅርብ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ኤሪክ ሬይመንድና ሪክ ሞን ስለ አጠያየቅ ረዘም ያለ መመሪያ ጻፉ። እንደ እኛ አስተያየት የታታም አጻጻፍ ይሻላል። የሁለተኛው መመሪያ ቁም ነገሩ ብዙ ቢሆንም አነጋገሩ ኮስታራ ነው፤ ጠያቂው ቀድሞ ብቁነቱን እንዲያስመሰክር የሚፈልግ ይመስላል። መምህር እንዲህ ቢናገር የኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ለዓመቱ አፉን ይዘጋል።

ቅሬታውና የተሞከረው መፍትሔ

ታዲያ የዝግ ጥያቄው ባለቤት ምን ተሰማው? ብዙዎች ተቀይመው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2018 ከድርጅቱ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ጄይ ሀንሎን፣ ብዙ ሰዎች በተለይ ጀማሪዎች፣ ሴቶችና በሙያው ውስጥ ቁጥራቸው ያነሰ ወገኖች ቦታውን የጠላት ቤት ወይም የጥቂት ምርጦች ማኅበር አድርገው እንደሚያዩት በይፋ ጽፎ አመነ። ሥርዓት አስከባሪዎቹ ደግሞ በበኩላቸው፣ ለዓመታት በነፃ ስናበጥር የኖርን እኛ ተወቀስን ብለው አዘኑ። ሁለቱም ወገን የሚለው እውነት አለው፤ ስለዚህም ነው ጉዳዩ ቶሎ ያልበረደው።

እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር እንጨምር። ዋናው ስታክ ኦቨርፍሎ ጥያቄ የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ነው። ለፖርቱጋልኛ፣ ለእስፓኝኛ፣ ለሩስኛና ለጃፓንኛ የየራሳቸው ተከፍቶላቸዋል፤ በአማርኛ የለም። እንግዲህ የእኛ አገር ጀማሪ በአፍ መፍቻው አስቦ፣ በእንግሊዝኛ ተርጉሞ፣ ያውም ስሙን በማያውቀው የሙያ ቃል ችግሩን ማስረዳት ይኖርበታል። ጥያቄው ሲዘጋ የተዘጋው ስንፍናው ይሁን፣ እንግሊዝኛው ይሁን፣ እርሱም ዘጊውም አያውቁትም። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። «ግልጽ አይደለም» የሚለው ማኅተም ሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የተሻለ ነገር ተጀመረ። የአዲስ ጠያቂ ጥያቄ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ልምድ ያላቸው ሰዎች በጎን ያዩለታል፤ ይህ ይጎድላል፣ ይህን ጨምር ይሉታል፤ ሲሟላ ይወጣል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ትልቁን ነገር ለውጦታል። ቀድሞ ጥያቄው በአደባባይ ወጥቶ፣ የተቃውሞ ድምፅ ተቆጥሮበት፣ ተዘግቶ፣ ከዚያ ነበር አርመው የሚባለው። ያም እርማት ነው፤ ይህም እርማት ነው። ልዩነቱ አንዱ ሰው ፊት መሆኑ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የተሳሳተ ልጅ በክፍል ሲሳቅበት ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በዚህ መሐል ግን ሌላ ነገር ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ወጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ስታክ ኦቨርፍሎ በእርሱ የተጻፈ መልስ እንዳይቀርብ ከለከለ፤ መልሶቹ ላይ ላዩን ትክክል እየመሰሉ ስሕተት የሚበዛባቸው ሆነው ተገኝተዋልና። በጁን 2023 ደግሞ ድርጅቱ በማሽን የተጻፈ የሚመስለውን ማስወገድ ስለገደበባቸው ብዙ ሥርዓት አስከባሪዎች ሥራ አቆሙ። ጠያቂው ሕዝብም ቀስ በቀስ ወደ ማሽኑ ዞረ፤ በስታክ ኦቨርፍሎ የሚቀርበው አዲስ ጥያቄ ከቀድሞው እጅግ አነሰ። ማሽኑ አይቆጣም፣ በር አይዘጋም፣ «ይህማ ተጠይቋል» አይልም። ለተቀየመ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ጎዶሎውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ እንደሆነ ተቀብሎ፣ የጎደለውን ራሱ ገምቶ ይመልሳል። ግምቱ ሲይዝ ጥሩ። ሳይዝ ሲቀር ጀማሪው በሌላ ሰው ጥያቄ መልስ ይዞ ይሄዳል፤ ምን እንደጎደለውም ማንም አልነገረውም።

ከጥያቄው ጀርባ ያለ ጥያቄ

አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ፤ ሙሉ ነው፣ ግልጽ ነው፣ ግን የተሳሳተ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎች «የኤክስና የዋይ ችግር» ይሉታል። ሰውየው ዋናው ችግሩ ኤክስ ነው። በራሱ አስቦ መፍትሔው ዋይ ነው ብሎ ወሰነ። ዋይም አቃተው። ሲጠይቅ ታዲያ ስለ ዋይ ብቻ ይጠይቃል፤ ኤክስን አያነሣም።

የተለመደው ምሳሌ ይህ ነው። «የፋይል ስም የመጨረሻ ሦስት ፊደላት እንዴት ይወሰዳሉ?» ይላል። መልሱ ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ነው። ነገር ግን ለምን ፈለግኸው ቢባል፣ ፋይሉ የምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ስለፈለገ ነው። የሥዕል ፋይል የሆነው ጄፔግ ግን ብዙ ጊዜ በላቲን አራት ፊደል ይጻፋል። የተጠየቀውን ብቻ የመለሰለት ሰው ትክክለኛ መልስ ሰጥቶ ልጁን ገደል ከተተው። «ከስሙ መጨረሻ ካለው ነጥብ በኋላ ያለውን ውሰድ» የሚለውን ለማግኘት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

የክፍል ውስጡን ዓይነት ለማየት ሩቅ አንሄድም። የአምስተኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ሁለት ሦስተኛን እና አንድ አራተኛን ለመደመር የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምሬ ከሰባት ሦስት አገኘሁ፤ ማቃለል ይቻላል?» ይላል። ጥያቄው ስለ ማቃለል ነው። «አይቻልም» ቢሉት መልሱ ልክ ነው፤ ሦስትና ሰባት ከአንድ በስተቀር የጋራ አካፋይ የላቸውምና። ልጁ ግን ተደስቶ ይቀመጣል፣ ስሕተቱንም ይዞ ወደ ስድስተኛ ክፍል ያልፋል። ትክክለኛው ድምር ከአሥራ ሁለት አሥራ አንድ ነው። ይህ ልጅ ሥራውን ባያሳይ ኖሮ ግን ስሕተቱን ማን ያገኘው ነበር? ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ «ኮድህን አሳይ» እያሉ የሚጨቀጭቁት ለዚህ ነው።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ

ከላይ እንደተመለከትነው ስታክ ኦቨርፍሎ መዝገብ ቤት ነው፤ ክፍል ግን መዝገብ ቤት አይደለም። ቅንፍ የዘነጋው ሰው ጥያቄ እዚያ ይዘጋል፤ እዚህ ግን መምህሩ ወንበሩ ድረስ ሄዶ ጎንበስ የሚልለት ያ ልጅ ነው። እዚያ የተደጋገመ ጥያቄ ከቀድሞው ጋር ይታሠራል፤ እዚህ ስድስት ልጆች አንድ ነገር ከጠየቁ ችግሩ የእነሱ ላይሆን ይችላል፣ ትላንት ያስተማርነው ነገር ተመልሶ መታየት አለበት። ስለዚህ ድምፅ መስጠቱን፣ ነጥቡን፣ መዝጋቱን እዚያው እንተወው። መውሰድ ያለብን ጉድለቱን በስሙ የመጥራት ልማዳቸውን ነው። «ጥያቄህ ግልጽ አይደለም» ማለት ለልጁ ምንም አይነግረውም። «ምን እንዳስገባህ ነገርከኝ፤ ምን እንደወጣ ግን አልነገርከኝም» ማለት ግን የሚሠራው ሥራ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥያቄውን አሟልቶ ማቅረብ የሚችል ተማሪ ግማሹን የተረዳ ተማሪ ነው። «ያደረግኸውን፣ የጠበቅኸውን፣ ያገኘኸውን ካላመጣህ አልሰማህም» የሚል ደንብ ብናወጣ የሚጠይቁን ጎበዞቹ ብቻ ይሆናሉ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን ልጅ፣ «ሁሉም አልገባኝም» የሚለው፣ በደንባችን ከውጭ ይቀራል። እንግዲህ ሦስቱን ነገሮች ከልጁ መጠበቅ ሳይሆን ከልጁ ጋር መሙላት ነው። ደብተሩን ከፍቶ፣ «እስከየት ድረስ ነው የሠራኸው? እዚህ ላይ ምን ይመጣል ብለህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ። ሀንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖሊያ እ.ኤ.አ. በ1945 «ሃው ቱ ሶልቭ ኢት» በተባለው መጽሐፉ ከሁሉ አስቀድሞ ተማሪው የሚፈለገውን፣ የተሰጠውንና ገደቡን ለይቶ እንዲናገር ማድረግን ያዘዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጠያቂው መምህሩ ነው፣ የሚለየው ተማሪው ነው።

ከጠየቅን በኋላ ደግሞ ዝም ማለት አለብን። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባቀረበችው ጥናት መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪው መልስ ይረዝማል፤ ከዚህም በላይ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያነሡት ጥያቄ ይጨምራል። ሦስት ሴኮንድ በወረቀት ላይ ምንም አይደለም። ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ተቆጣጣሪ መምህር ከኋላ እየጻፈ፣ ሦስት ሴኮንድ ዝም ማለት ግን… የሞከረ ያውቀዋል።

በአማርኛ ማድረግ የምንችለውንም እናድርግ። የእኛ ጀማሪዎች ችግራቸውን በእንግሊዝኛ ከማስረዳታቸው በፊት በገዛ ቋንቋቸው ሦስት ዓረፍተ ነገር አድርገው ቢጽፉት፣ ጉድለቱ የቋንቋ ይሁን የሐሳብ ወዲያው ይለያል። ኮምፒዩተር ክፍላችን በር ላይ አንድ ካርቶን ብንለጥፍ፣ «ምን አደረግሁ? ምን ጠበቅሁ? ምን አገኘሁ?» ብለን ብንጽፍበት፣ ከጎኑም እርሳስና ወረቀት ብናንጠለጥል ወጪው ይህን ያህል አይደለም። እርሳሱን የሚወስድ እንዳይኖር በገመድ ይታሠር።

መልመጃ

ከዚህ በታች አራት ጥያቄዎች ቀርበዋል። መልሳቸውን አትጻፉ። ለእያንዳንዱ ጉድለቱን በስሙ ጥሩና ጠያቂውን መልሳችሁ የምትጠይቁትን የመጀመሪያ ጥያቄ ብቻ ጻፉ።

«ፕሮግራሜ ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ እንቢ አለኝ። ምንም አልነካሁም።»

«ፓይተን ይሻላል ወይስ ጃቫ?»

«ሃያ ቁጥሮችን ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚደረድር ፕሮግራም ጻፉልኝ፤ ነገ ይሰበሰባል።»

«ቲቸር፣ ክፍልፋይ ሁሉም አልገባኝም።»

ሁለተኛው ጥያቄ ጭራሽ ሊታረም የማይችል ነው የሚሉ በመካከላችን አሉ፤ አይ፣ «ለምን ሥራ?» ተብሎ ቢጠየቅ ይድናል የሚሉም አሉ። አልተስማማንም። ወረቀታችሁን እስከ ዓርብ ድረስ ከጋዜጣው ሰሌዳ ሥር ባለው ሣጥን ክተቱ፤ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም።